መርከቡ የሚያደርሰን እስከ ደጃፍ ነው

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ብዙ አባሎች በጽሑፍ እንዲደርሳቸው ስለ ጠየቁ ሙሉ ቃሉን እነሆ አትመነዋል። — አዘጋጆቹ)





ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ዕድል ለሰጠኝ ለሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ኮሚቴው የጠራኝ ሊቅ ስለ ሆንሁ አይደለም። ከአባሎቻችን አንዳንዶቹ በመጪው የዕረፍት ወራት በመርከብ ተሳፍረው የሜዲቴራንያንን ጠረፍ አገሮች ለመጎብኘት ገንዘብ ማጠራቀም ጀምረዋል፤ እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ መንገድ አልፌአለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ በመጽሐፍ ካነበብሁት ይልቅ በራሴና በጓደኞቼ ላይ የደረሰውን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እናገራለሁ።

ዝግጅት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሻንጣ ነው። እኔም እንደዚሁ ነበርሁ። አዲስ ጫማ ገዛሁ፤ "አውሮፓ ብርድ ነው" ሲባል ሰምቼ ከጓደኛዬ ካፖርት ተዋስሁ። ነሐሴ ለእኛ ክረምት ስለ ሆነ ለእነርሱም ክረምት መሰለኝ። አቴና ስንደርስ ሙቀቱ ወደ አርባ ዲግሪ ተጠግቶ ነበርና ካፖርቱ ከሻንጣው ሳይወጣ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። አዲሱም ጫማ በሁለተኛው ቀን ተረከዜን ልጦ ጣለኝ። ይህ ግን ቀላሉ ስሕተት ነው። ከባዱን ልንገራችሁ።

አምስት ጓደኛሞች ሆነን ነበር የሄድነው። የጉዞው ወረቀት መርከባችን "ከሮማ" እንደሚነሣ ይናገራል። ሮማ ግን የባሕር ወደብ አይደለችም፤ መርከቦቹ የሚቆሙት ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሲቪታቬኪያ ነው። እንዲሁም "ፍሎሬንስ" ሲሉ ሊቮርኖ ማለታቸው ነው፤ "አቴና" ሲሉ ፒሬዎስ ማለታቸው ነው። በባቡር ሄደን ከወደቡ ደረስንና ተሰልፈን ፓስፖርታችንን አቀረብን። አራታችን አለፍን። የአምስተኛው ጓደኛችን ፓስፖርት በተገለጠ ጊዜ ግን ጸሐፊዋ ዝም አለችና አለቃዋን ጠራች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። መርከባችን ከኢጣልያ ወደ ግሪክ፣ ከግሪክም ወደ ቱርክ አገር ወደ ኩሻዳሲ ወደብ ሄዶ እንደገና ወደ ኢጣልያ ይመለሳል። ኢጣልያና ግሪክ በሼንገን ስምምነት ውስጥ ናቸው፤ ቱርክ ግን ውጭ ናት። የጓደኛችን ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ነበር። ቱርክ በደረሰ ጊዜ ያቺ አንዲት መግቢያው ታልቃለች፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኢጣልያ ሊመለስ አይችልም። ከእኛ ሁለታችን ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ነበረን፤ ሁለቱ ደግሞ የአሜሪካን ፓስፖርት ይዘው ነበር። እርሱ ግን ከበሩ ላይ ቀረ። ገንዘቡም አልተመለሰለትም። "እናንተ ሂዱ፤ እኔ ምንም አልሆንም" አለን። እኛም ሄድን። ከመሰላሉ ላይ ሆኜ ዞር ስል ሻንጣውን በእግሮቹ መካከል አቁሞ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ያየን ነበር። ያ ፊቱ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ይህ ሁሉ የሆነው አምስታችንም ስለ ልብስ ስንነጋገር በቪዛው ላይ የታተመውን አንድ ቍጥር ያነበበ ሰው ስላልነበረ ነው።

እንግዲህ ከእናንተ የኢትዮጵያን ፓስፖርት የያዛችሁ ይህን ነገር አጥብቃችሁ ስሙኝ። በ2024 በሚያዝያ ወር የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ለኢትዮጵያውያን ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ፣ ማመልከቻውም በ15 ቀን ፈንታ በ45 ቀን እንዲታይ ወስኖአል። እንዲህ ያለው ደንብ ይለዋወጣልና ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቆንስላውን ጠይቁ። ከሁሉ የሚሻለው ከሼንገን አገሮች የማይወጣ የመርከብ መንገድ መምረጥ ነው። ማመልከቻውን ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማስገባት ይፈቀዳልና የመጨረሻውን ወር አትጠብቁ። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስ ይጠየቃል። ፓስፖርታችሁም ከአውሮፓ ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። በተማሪ ቪዛ እዚህ ያላችሁ ደግሞ መመለሻችሁን አትርሱ፤ የአሜሪካ ቪዛችሁ ያላለፈበት፣ የትምህርት ቤቱም ወረቀት በጊዜው የተፈረመበት ይሁን።

ስለ ስማችንም አንድ ቃል ልጨምር። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የምንጠራው በራሳችንና በአባታችን ስም ነው። ፈረንጅ ግን "የቤተሰብ ስም" የሚል ባዶ ቦታ አዘጋጅቶ ይጠብቀናል። አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይጽፍበታል፤ በኋላ ቲኬቱና ፓስፖርቱ ሳይስማሙ ይቀራሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በፓስፖርቱ ላይ እንደ ተጻፈው፣ ፊደል ሳይጨመርና ሳይቀነስ መጻፍ ነው። ባልና ሚስት ሆነው የሚሄዱም ስማችን ለምን እንደሚለያይ ለማስረዳት ይዘጋጁ፤ መጠየቃቸው አይቀርምና።

ገንዘብን በሚመለከት በማስታወቂያው ላይ የሚታየው ዋጋ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ሲተኛ ለአንዱ የሚከፈለው ነው፤ ብቻውን የሚሄድ እጥፍ ሊጠየቅ ይችላል። ለሠራተኞች በየቀኑ የሚታሰብ የአገልግሎት ገንዘብ አለ። መጠጡ፣ ኢንተርኔቱ፣ በየወደቡም የሚደረገው ጉብኝት አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ይከፈላል። ይህን ደምሮ የማይነሣ ሰው በመጨረሻው ቀን ሒሳቡ ሲቀርብለት ይደነግጣል።

አሁን ወደ መርከቡ እንግባ። ተሳፍራችሁ ዕቃችሁን እንዳስቀመጣችሁ የአደጋ ልምምድ ይደረጋል። ብዙ ወጣት ይህን እንደ ጨዋታ ይቆጥረዋል። እኛ ከተነሣንበት ከዚያው ከሲቪታቬኪያ በጥር 13 ቀን 2012 ምሽት ኮስታ ኮንኮርዲያ የምትባል መርከብ ከአራት ሺህ በላይ ሰዎች ይዛ ተነሣች፤ በዚያው ሌሊት በጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዐለት ጋር ተጋጭታ 32 ሰዎች ሞቱ። በዚያ ምሽት ከሲቪታቬኪያ የተሳፈሩት መንገደኞች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር፤ የጊዜው ደንብ አንድ ቀን ማቆየትን ይፈቅድ ነበርና። ልምምዱ ከመነሣት በፊት ወይም እንደ ተነሡ ወዲያው እንዲደረግ በሁሉም አገር የታዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰባት አጭር አንድ ረጅም የመለከት ድምፅ ስትሰሙ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ፣ የመሰብሰቢያችሁም ቦታ የት እንደ ሆነ በመጀመሪያው ሰዓት ዕወቁ።

ሰዓት ካልሁ አይቀር በናፖሊ የሆነውን ላጫውታችሁ። ከወደቡ በር ላይ "በአሥራ አንድ ሰዓት እንገናኝ" ተባብለን ተለያየን። እኛ ሦስታችን አገር ቤት ያደግን ነንና በልባችን ያለው የማታው አሥራ አንድ ሰዓት፣ ማለት በእነርሱ 17 ሰዓት ነው። አራተኛዋ እኅታችን ግን አሜሪካ ያደገች ናትና ከረፋዱ በፈረንጅ 11 ሰዓት ላይ መጥታ ቆመች። አንድ ሰዓት ተኩል በፀሐይ ላይ ጠብቃን፣ አንድ ነገር ደርሶብናል ብላ እያለቀሰች ወደ መርከቡ ተመለሰች። እኛም ማታ በቀጠሮአችን መጥተን ብናጣት እርስዋን ፍለጋ ስንሯሯጥ መርከቡ ሊያመልጠን ጥቂት ቀረው። መርከብ እንደ አገራችን አውቶቡስ "አንድ ሰው ቀረ" ተብሎ አይጠብቅም። በየቀኑ የሚታደለው ወረቀት የመመለሻውን ሰዓት ይናገራል፤ የሚቆጠረውም በመርከቡ ሰዓት ነው። ቀጠሮ ስትያዙ በሃያ አራቱ ሰዓት አቈጣጠር ተነጋገሩ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እስካሁን የተናገርሁት በወረቀትና በሰዓት የሚፈጸም ዝግጅት ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን የልብ ዝግጅት ነው። መርከብ ላይ ያለው ኑሮ ሁሉ ለመንገደኛው እንዲመች ሆኖ የተሰናዳ ነው፤ ቋንቋው፣ ምግቡ፣ አልጋው ከወደብ ወደብ አይለወጥም። ሰው በሰባት ቀን አምስት አገር ረግጦ አንዱንም ሳያውቅ ሊመለስ ይችላል። መርከቡ የሚያደርሰን እስከ ደጃፍ ብቻ ነው። ወደ ቤቱ መግባት የእኛ ፈንታ ነው፤ ለዚያውም የተሰጠን ስምንት ሰዓት ያህል ነው።

በፒሬዎስ የደረሰብንን ስሙ። ቀኑ ኦገስት 10 ነበር፤ በእኛ ፍልሰታ ከተያዘ አራተኛው ቀን ነው። በመርከቡ ላይ መጾም አስቸግሮን ሰንብቶአል። መጀመሪያ "ሥጋ አንበላም" ብንል ዓሣ አመጡልን፤ "ቬጀቴሪያን" ብንል አይብና እንቍላል አመጡልን። በኋላ አንድ ደግ አስተናጋጅ "ቪጋን በሉ" ብሎ አስተማረን፤ ከዚያ ወዲህ የጾሙ ነገር ተቃና። በፒሬዎስ ግን ከአንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገብተን፣ አስቀድመን አጥንተን የሄድነውን "ኒስቲሲሞ" የሚለውን ቃል ተናገርን። የጾም ምግብ ማለት ነው። ምግብ ቤቱን የያዙት አሮጊት ፊታቸው በራ። የግሪክ ኦርቶዶክሶችም የእመቤታችንን ጾም ከኦገስት 1 እስከ 14 ይጾማሉና ገና በጾም ላይ ነበሩ። ምስሩን፣ በዘይት የተሠራውን ባቄላ፣ ቅጠላ ቅጠሉን ደረደሩልን። እኛም አገራችን የገባን መስሎን ደስ አለን።

ከዚያ ቀጥለው ኦክቶፐስ የሚባለውን ባለ ስምንት እግር የባሕር እንስሳ ጠብሰው አመጡ። እርስ በርሳችን ተያየን። በእነርሱ ሥርዓት ደም የሌለው የሚባል የባሕር ፍጥረት በጾም ይበላል፤ እኛ ግን ይህን አናውቅም። ላለማሳዘን ጥቂት ቀመስን። እማማ መጡና በእጃቸው እያመለከቱ "በቃችሁ ወይ?" አሉን። እኔም እንደ አገራችን ልማድ ቅንድቤን ወደ ላይ አንሥቼ ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ፤ "አዎን፣ በቃን" ማለቴ ነበር። በግሪክ አገር ግን ቅንድብንና አገጭን ወደ ላይ ማንሣት "አይደለም" ማለት ነው! እማማ እየሳቁ ሄዱና ሁለተኛ ሳሕን ኦክቶፐስ አመጡ። እኔም ይበልጥ አጥብቄ ቅንድቤን አነሣሁ። ሦስተኛ ሊያመጡ ሲሉ የልጅ ልጃቸው ከጓዳ ወጥታ ነገሩን ፈታችልን። እኛም በተራችን እማማ "ነ" ሲሉ በእንግሊዝኛው "ኖ" እየመሰለን ተሳስተን ነበር፤ "ነ" በግሪክኛ "አዎን" ነው። ቤቱ ሁሉ በሳቅ ሞላ። በመጨረሻ እማማ ሐብሐብ ያለ ዋጋ አቀረቡልን፤ እኛም የቤቱን ሰዎች ስም ይዘን ወጣን። ከጉዞው ሁሉ ከአክሮፖሊስ ዐምዶች ይልቅ በልቤ የቀረው ያ ማዕድ ነው። ወደ ማዕዱ ያስገባን በመጽሐፍ ያጠናነው አንድ ቃል ነበር።

ሌሎችንም ልዩነቶች በአጭሩ ልናገር። እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ እናወልቃለን፤ እነርሱ በጫማ ይገባሉ። ነገር ግን በሮማ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ትከሻውና ጕልበቱ የተገለጠ ሰው፣ ወንድም ሴትም ቢሆን፣ ከደጅ ይመለሳል። ስለዚህ ነጠላችሁን ያዙ፤ ከካፖርት ይልቅ ይጠቅማችኋል። በፈረንሳይ አገር ከሱቅ ስትገቡ ዕቃ ከመጠየቃችሁ በፊት "ቦንዡር" በሉ፤ ሰላምታ ሳያቀርብ የሚጠይቅ ሰው እንደ ባለጌ ይቆጠራል። በግሪክ አምስት ጣታችሁን ዘርግታችሁ መዳፋችሁን ወደ ሰው ፊት አትግፉ፤ ስድብ ነውና አምስት ለማለት እጃችሁን ወደ ራሳችሁ አዙሩ። በኢጣልያ ቡና ቆሞ የሚጠጣና ተቀምጦ የሚጠጣ የሚከፍሉት ዋጋ ሊለያይ ይችላል። "ላቴ" ብላችሁ ብታዙ ባዶ ወተት ይመጣላችኋል። ምግብ ሲቀርብላችሁ እንደ እኛ ይሉኝታ "አይ፣ ጠግቤአለሁ" ካላችሁ በብዙው የአውሮፓ ክፍል ቃላችሁን አምነው ያነሡታል፤ "በሞቴ" ብሎ የሚለምን የለም። ሒሳብም ሲመጣ እያንዳንዱ የየራሱን ቢከፍል ንፉግነት አይደለም። "ወፍረሃል" የሚለውን የአገራችንን ምስጋና ግን እባካችሁ ከአገር ሳይወጣ ይቅር!

አንድ ነገር ደግሞ ማወቅ ይገባናል። የመርከብ እንግዳ በሁሉ ወደብ በእልልታ አይቀበሉትም። ቬኒስ ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ታላላቆቹ መርከቦች በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፊት እንዳያልፉ ተከልክሎአል፤ በ2024ም ለቀን ጎብኚ በተመረጡ ቀናት አምስት ዩሮ መግቢያ ማስከፈል ጀምራለች። ባርሴሎና በ2024 በሐምሌ ወር የቤት ኪራይ የናረባቸው ነዋሪዎች በሰልፍ ወጥተው በጎብኚዎች ላይ ውኃ ረጭተዋል። እነዚህ ሰዎች እንግዳ ጠሎች ስለ ሆኑ አይደለም። በአንድ ማለዳ ብዙ ሺህ ሰው በጠባብ መንገዳቸው ላይ ሲወርድ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ቆሻሻውን ጥሎ ማታ ሲሄድ ምን ሊሰማቸው ይችላል? የእኛ ቤት ቢሆንስ? እኛ "የእግዜር እንግዳ" ብሎ በሩን የሚከፍት ሕዝብ ልጆች ነን፤ መልካም እንግዳና ክፉ እንግዳ የሚለዩበትን ከማንም አብልጠን ማወቅ ይገባን ነበር።

በዚህ ጉዞ ሁለት በሽታዎች ያጠቁናል። አንዱ መናቅ ነው፤ ያየነውን ሁሉ "እኛ አገር ከዚህ ይሻላል" እያልን ማለፍ። ሁለተኛው ማፈር ነው፤ ፈረንጁ ያደረገውን ሁሉ ልክ እየመሰለን የራሳችንን መደበቅ። የሚንቅ ሰው አይማርም፤ የሚያፍርም ሰው የሚያስተምረው የለውም። እማማ በፒሬዎስ የወደዱን ግሪክ ስለ መሰልን አልነበረም፤ የእነርሱን አክብረን የራሳችንን ሳንደብቅ ስለ ተቀመጥን ነው።

ንግግሬን ከማብቃቴ በፊት ከበሩ ላይ ወደ ቀረው ጓደኛችን ልመለስ። ከስምንት ቀን በኋላ ሲቪታቬኪያ ስንደርስ ወደቡ ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ተቀይሞናል ብለን ፈርተን ነበር። እርሱ ግን እየሳቀ አቅፎን በባቡር ወደ ሮማ ወሰደን። ባቡሩ ከሚቆምበት ከተርሚኒ ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ "የአምስት መቶዎቹ አደባባይ" እንደሚባልና ስሙም በ1887 በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት የኢጣልያ ወታደሮች መታሰቢያ እንደ ወጣ ነገረን። እኛ ስንሄድ በዚያው አደባባይ ሻንጣ እየጎተትን አልፈናል፤ አላወቅንም። በ1937 ከአክሱም ተወስዶ በሮማ የቆመው፣ በ2005 ወደ አገሩ የተመለሰው ሐውልት የነበረበትን ቦታ አሳየን። አበበ ቢቂላ በ1960 በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈበትን መጨረሻ፣ የቆስጠንጢኖስን ቅስት አሳየን። በየማለዳው ከሚጠጣበት ቡና ቤት ስንገባ ባለቤቱ በስሙ ጠርቶ ሰላምታ ሰጠው፤ ሳይጠይቅም ማኪያቶውን አስቀመጠለት። እኛ አራታችን በአራት ወደብ ወርደን ስማችንን የሚያውቅ ያገኘነው አንድ ቤት ብቻ ነበር።

ይህን ስል መርከቡን አትሳፈሩ ማለቴ አይደለም። ባሕሩ ውብ ነው፤ በአንድ ሳምንት ይህን ያህል አገር ማየትም ትልቅ ዕድል ነው። ግን ከእኛ መካከል ማንም ከበር ላይ እንዳይቀር ወረቀታችሁን አንዳችሁ የሌላውን አንብቡ። ለየአንዳንዱ ወደብ አምስት ቃል፣ አንድ ታሪክና ልትቀመጡበት የምትችሉትን አንድ ቦታ አጥንታችሁ ሂዱ። በአንድ ወደብ አሥር ነገር ለማየት ከመሮጥ በአንዱ ቦታ ተቀምጦ ከአንድ ሰው ጋር መነጋገር ይበልጣል። ለሚመጣው ዓመት ደግሞ ከእናንተ አንዱ እዚህ ቆሞ እኔ ያላየሁትን እንዲነግረን እጠብቃለሁ።

በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ለመመለስ ያብቃችሁ።